የሚስተር ሴሲል ኪምበርና የኤም.ጂ. መኪናዎቻቸው ታሪክ

የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ፋብሪካ ዕድሜ ተቈጥሮ በዓል ሲከበር፣ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈው ሰው ነው። ሥራውን ከመሠረቱ አንሥቶ ያቆመው ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ስሙ በየትም ሳይጻፍ ይቀራል። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን አንድ ሰው ልናስታውስ ፈለግን። እርሳቸውም ኤም.ጂ. የተባለውን የእንግሊዝ አገር የስፖርት መኪና የፈጠሩት ሚስተር ሴሲል ኪምበር ናቸው።

በመካከላችን መኪና የሚወዱ ጓደኞች ብዙዎች ናቸው። እነርሱም በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበው ስለ ኤም.ጂ. ሲከራከሩ ኤም፣ ሲ፣ ጄ፣ ኬ፣ ፒ፣ ቲ እያሉ የፊደል ስም ይደረድራሉ። ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ የተበተነ ፊደል ይመስላል። እኛ ግን ታሪኩን ከመረመርን በኋላ ያገኘነው ነገር ሌላ ነው። ፊደሎቹ በተራ ሲነበቡ የአንድ ሰው ሐሳብ እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንዳደገ፣ እንዴት እንደ ተቈረጠና እንዴት እንደገና እንዳቈጠቈጠ ይነግሩናል። ስለዚህ የሰውዬውን ሕይወትና የመኪናዎቹን ዓይነት ሳንለያይ አብረን እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሚስተር ኪምበር በ1888 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በማተሚያ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከሄደ በኋላ ልጁ ስቶክፖርት በሚባለው ከተማ ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም ሲጨርሱ በአባታቸው የማተሚያ ቀለም ድርጅት ገብተው መሥራት ጀመሩ። ነገር ግን ልባቸው ከቀለሙ ይልቅ ወደ ሞተር ያደላ ነበር። በወጣትነታቸው ሞተር ቢስክሌት ሲነዱ ከባድ አደጋ ደርሶባቸው እግራቸው ክፉኛ ተሰበረ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና አድርገው እግራቸው ከመቈረጥ ቢድንም፣ አንዱ ከሌላው ስላጠረ ዕድሜያቸውን ሙሉ እያነከሱ ሄዱ።

ስለ ጉዳታቸው የካሣ ገንዘብ ተከፍሏቸው ነበር። አባታቸው ገንዘቡ በቤተ ሰቡ ድርጅት ገብቶ እንዲሠራበት ፈለጉ። ልጁ ግን እምቢ አሉ፤ በገንዘቡም መኪና ገዙ። ከዚህ የተነሣ አባትና ልጅ ተቀያይመው ተለያዩ። እኛ ይህን ስናነብ ሁለት ሐሳብ መጣብን። የአባትን ቃል አለመስማት የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ወጣቱ ገንዘቡን የሰጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለያዙት ሥራ መሆኑን ስናስብ፣ ዋጋውን አውቀው የከፈሉት ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሸፊልድ ከተማ ወደሚገኝ የመኪና ፋብሪካ ገቡ። በ1915 ሚስት አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየተዛወሩ ከሠሩ በኋላ፣ በ1921 በኦክስፎርድ ከተማ ሞሪስ ጋራዥስ በተባለው ድርጅት የሽያጭ ኀላፊ ሆነው ተቀጠሩ። በሚቀጥለው ዓመት በ1922 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ሞሪስ ጋራዥስ መኪና የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ዊልያም ሞሪስ ናቸው፤ እኒህም ሰው ርካሽና ጠንካራ መኪና እየሠሩ ለሕዝብ በመሸጥ በእንግሊዝ አገር ታላቅ ባለጸጋ የሆኑ፣ ኋላም ሎርድ ናፊልድ የተባሉ ናቸው። የሞሪስ መኪና ለቤተ ሰብ የሚስማማ እንጂ የወጣትን ልብ የሚያነሣሣ አልነበረም። ሚስተር ኪምበር ግን ይህን መኪና ሌሎች ባላዩት ዐይን አዩት። በዚያ ዘመን ፈጣንና ቄንጠኛ መኪና የሚገዛው ሀብታም ብቻ ነበር፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ወጣት ግን ፍላጎት እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። የሞሪስን ሻንሲና ሞተር ሳይለቁ ባሌስትራውን ቢያሻሽሉ፣ የመሪውን ዘንግ አዘንብለው ቢያስቀምጡና ቀላልና ያማረ አካል ቢያለብሱበት፣ ዋጋው ብዙ ሳይጨምር ሌላ መኪና ይሆናል ብለው አሰቡ። የኤም.ጂ. ሐሳብ በሙሉ ይህ ነው፤ ከርካሹና ከተራው ዕቃ ደስ የሚያሰኘውን ማውጣት።

በ1923 ባለ ሁለት መቀመጫ የሆኑ ጥቂት አካሎች በኦክስፎርድ አሠርተው ሸጡ። ከዚያም ፎርቲን ትዌንቲ ኤይት የተባለው መኪና ተከተለ። ኤም.ጂ. የሚለውም ስም የሞሪስ ጋራዥስ የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። እንግዲህ መኪናው ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው እንጂ የሠሪው ስም አይደለም። ሁለቱ ፊደሎች ስምንት ማዕዘን ባለው ክፈፍ ውስጥ ተጽፈው የመኪናው ምልክት ሆኑ። ሚስተር ኪምበርም ይህን ምልክት እጅግ ስለ ወደዱት በመኪናው ላይ በተቻለ ቦታ ሁሉ አስገቡት።

በ1925 ለራሳቸው አንዲት ቀላል የእሽቅድምድም መኪና አሠሩ። ለፋሲካ በዓል ከሎንዶን እስከ እንግሊዝ ምዕራብ ዳርቻ ድረስ በሚደረገው የጽናት ውድድር ነድተዋት የወርቅ ሜዳይ አገኙ። ይህች መኪና አሮጌዋ ቁጥር አንድ ትባላለች። ስሟን የሰማ ሁሉ የመጀመሪያዋ ኤም.ጂ. ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከርሷ በፊት ብዙ ኤም.ጂ. መኪናዎች ተሸጠው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝ አገር በሙዚየም ተጠብቃ ትገኛለች።

በ1928 የኤም.ጂ. መኪና ኩባንያ በራሱ ስም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በሎንዶን የመኪና ኤግዚቢሽን ሁለት አዳዲስ ዓይነቶች ቀረቡ። አንደኛው ባለ ስድስት ሲሊንደር የሆነው ኤይቲን ኤይቲ ነው፤ ይህ ትልቅና ውድ ነበር። ሁለተኛው ኤም ሚጄት ነው፤ ሚጄት ማለት ድንክ ማለት ነው። ድንኩ የተሠራው ከትንሹ የሞሪስ ማይነር ሲሆን፣ ሞተሩ 847 ሲ.ሲ. ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ሞተር ላይ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ከራሱ በላይ የተቀመጠ ስለ ነበረ፣ ለመጠኑ የማይታመን ጕልበት ነበረው። አካሉ ከቀላል እንጨትና ከጨርቅ ተሠርቶ ኋላው እንደ ጀልባ ጫፍ የሾለ ነበር። ዋጋው 175 ፓውንድ ሆነ። ሕዝቡም በትልቁ አጠገብ አልፎ ወደ ድንኩ ተሻማ፤ እስከ 1932 ድረስ ከ3,000 በላይ ተሸጠ።

የገዢው ብዛት የቀድሞውን ቦታ ስላጠበበ፣ ፋብሪካው ከ1929 መጨረሻ ጀምሮ ከኦክስፎርድ በስተደቡብ ወደምትገኘው አቢንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። በዚያም ቀድሞ ቆዳ ይፋቅበት የነበረ ፋብሪካ ተይዞ ተደራጀ። አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ እንጨምራለን። የየዓይነቱ የሻንሲ ቁጥር የሚጀምረው ከአንድ ሳይሆን ከ251 ነበር፤ ምክንያቱም የፋብሪካው የስልክ ቁጥር አቢንግደን 251 ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት የፊደሎቹ ዘመን ናቸው። በ1931 የካቲት ካፒቴን ጆርጅ ኢይስተን በፈረንሳይ አገር ሞንሌሪ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ፣ ከ750 ሲ.ሲ. በማይበልጥ ሞተር በሰዓት ከ100 ማይል ማለትም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱ። በዚያ መጠን ሞተር ይህን ፍጥነት ያገኘ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚህ የተወለደው ሲ ሚጄት በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ በአየርላንድና በአልስተር ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። ዲ ሚጄት አራት ሰው እንዲይዝ ተደርጎ ረዘም ያለ ነው። ኤፍ ማግና ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ በድንኩና በትልቁ መካከል ላለው ገዢ ቀረበ።

በ1932 ጄ ሚጄት ወጣ። ይህ ዓይነት በውስጡ አራት ክፍል ነበረው። ጄ 1 ባለ አራት መቀመጫ፣ ጄ 2 ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጄ 3 አየርን በኀይል ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ የተጨመረለት፣ ጄ 4 ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ጄ 2 ነው። ክንድን ለማሳረፍ በሩ ጐድጐድ ብሎ ተቈርጧል፤ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ እንደ ሳጥን ከኋላ ቆሟል፤ ስኮርታ ጎማው በላዩ ታስሯል፤ መስተዋቱ ወደ ፊት ይታጠፋል። ሰው ሁሉ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሲባል በሐሳቡ የሚሥለው ይህንኑ መልክ ነው። ይህም መልክ በኤም.ጂ. ላይ ብዙ ሳይለወጥ እስከ 1955 ድረስ ኖረ።

ከጄ ቀጥሎ ኬ ማግኔት መጣ። ከዚህ ወገን ኬ 3 የተባለው ለእሽቅድምድም የተሠራው ሲሆን፣ ቁጥሩ ከአርባ አይደርስም፤ ዝናው ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ1933 በኢጣልያ አገር ከብሬሻ እስከ ሮማ ደርሶ መልስ አንድ ሺሕ ማይል በሚሮጥበት ውድድር፣ የኬ 3 መኪናዎች በመጠናቸው አንደኛ ሆነው የቡድኑን ሽልማት ወሰዱ። ከኢጣልያ ውጭ የመጣ ቡድን ይህን ሽልማት ሲወስድ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ታላቁ ኢጣልያዊ ነጂ ታጺዮ ኑቮላሪ በኬ 3 ተቀምጦ በአልስተር የተደረገውን ውድድር አሸነፈ። በ1934 ፒ ሚጄት በወጣ ጊዜ ሞተሩ ያው 847 ሲ.ሲ. ነበር፤ ነገር ግን ኮሎው በሁለት ፋንታ በሦስት ቦታ እንዲደገፍ ስለ ተደረገ ጠንካራና ለስላሳ ሆነ። እንዲሁም ኤል፣ ኤን፣ ኪውና አር ተከታትለው ወጡ። ከአር የተሠሩት አሥር ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን አራቱም ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በተናጠል እንዲነጥሩ የተደረገ፣ ለዘመኑ እጅግ አዲስ የሆነ መኪና ነበር።

ክብሩን ስንናገር ኪሣራውንም መደበቅ አይገባንም። በ1934 በማን ደሴት አንድ ኬ 3 ተጋጭቶ የፋብሪካው መካኒክ ሕይወቱን አጣ። ደግሞም ብዙ ዓይነት በጥቂት ቁጥር መሥራት ገንዘብ ይበላል እንጂ ትርፍ አያመጣም። ለአንድ መኪና የተሠራው ዕቃ ለሌላው የማይሆን ሲሆን፣ ፋብሪካው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሞሪስ ተራ ዕቃ ተነሥቶ የነበረው ሐሳብ ቀስ በቀስ ከተራው ዕቃ ርቆ ነበር።

እስከዚህ ጊዜ ድረስ ኤም.ጂ. የሎርድ ናፊልድ የግል ንብረት ስለ ነበረ፣ ሚስተር ኪምበር እንደ ልባቸው ይሠሩ ነበር። በ1935 ግን ሎርድ ናፊልድ ኩባንያውን ሞሪስ ሞተርስ ለተባለው ትልቁ ድርጅታቸው ሸጡት። የዚያ ድርጅት ኀላፊ የነበሩት ሚስተር ሌናርድ ሎርድም ወዲያው የእሽቅድምድሙን ክፍል ዘጉ፤ የንድፍ ሥራውንም ከአቢንግደን አንሥተው ወደ ካውሊ ወሰዱት። ሚስተር ኪምበር በቦታቸው ቢቀሩም ሥልጣናቸው ተቀነሰ።

በ1936 ቲኤ ሚጄት በወጣ ጊዜ ወዳጆቹ አጕረመረሙ። የተደነቀው ሞተር ቀርቶ፣ የቫልቮቹ ዘንግ ከታች ሆኖ በቀጫጭን ብረቶች ወደ ላይ የሚገፋ ተራ የቤተ ሰብ መኪና ሞተር ገብቶበት ነበር። ዳሩ ግን ሞተሩ 1,292 ሲ.ሲ. ስለ ሆነ ሳይጣደፍ ይጐትታል፤ ፍሬኑም በዘይት ግፊት የሚሠራ ሆነ፤ ለሰው ቦታው ሰፋ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሺሕ ያህል ተሸጠ። እኛ ይህን ስንመረምር አንድ ነገር አስተዋልን። ቲኤ ከሚስተር ኪምበር መንገድ የወጣ መኪና ተብሎ ተነቀፈ፤ ነገር ግን በ1923 እርሳቸው ያደረጉት ያንኑ አልነበረምን? ከተራው ዕቃ ደስ የሚያሰኘውን ማውጣት ማለት ይኸው ነው። የተቈረጠው ቅርንጫፉ ነው እንጂ ሥሩ አልነበረም። በ1939 ደግሞ ቲቢ በ1,250 ሲ.ሲ. አዲስ ሞተር ወጣ፤ 379 ብቻ ከተሠሩ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ጀመረ ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ሜጀር ጋርድነር በ1,100 ሲ.ሲ. ኤም.ጂ. በጀርመን አገር በሰዓት ከ200 ማይል በላይ ነድተው ዓለምን አስደንቀው ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የአቢንግደን ፋብሪካ መኪና መሥራቱን ትቶ ሥራ ፈላጊ ሆነ። ሚስተር ኪምበርም ሠራተኞቻቸው እንዳይበተኑ ሲሉ አልበማርል የተባለውን የጦር አውሮፕላን የፊት ክፍል ለመሥራት ተዋዋሉ። ይህን ግን ያደረጉት የበላዮቻቸውን ሳያስፈቅዱ ስለ ነበረ፣ በ1941 ከሥራቸው ተሰናበቱ። በስማቸው ሳይሆን በሌላ ሰው ስም ያቆሙትን ቤት እንዲህ ባለ ሁኔታ ትተው ወጡ። ባለቤታቸውም ከዚህ በፊት በ1938 አርፈው ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች ፋብሪካዎች ተቀጥረው ሠሩ።

በ1945 የካቲት 4 ቀን እሑድ ማታ ከሎንዶን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ወደ ሰሜን በሚሄድ ባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ ረጅምና ከባድ ነበር፤ ከጣቢያው አጠገብ ባለው የዋሻ ሽቅብ ላይ ሲደርስ የሎኮሞቲቩ ጎማዎች በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተቱ መውጣት አቃታቸው፤ በጨለማውም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። የመጨረሻው ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ተገለበጠ፤ ከሞቱት ሁለት መንገደኞች አንዱ ሚስተር ኪምበር ነበሩ። ዕድሜያቸው 56 ዓመት ነበር። ሰዎች በፍጥነት እንዲደሰቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ በተንሸራተተ ባቡር ሞቱ።

ሥራቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልሞተም። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ሲያበቃ ቲሲ ወጣ። ይህ መኪና ቲቢ ጥቂት ሰፍቶ ነው፤ መልኩም ያው የጄ 2 መልክ ነበር። እስከ 1949 መጨረሻ 10,000 ያህል ተሠራ፤ ከዚህም ብዙው ወደ ውጭ አገር ሄደ። መሪው በቀኝ በኩል ብቻ ቢሆንም አሜሪካኖች ወደዱት፤ በዚያ አገር የስፖርት መኪና ፍቅር እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ ይህ ነው። በ1950 የወጣው ቲዲ የፊት ጎማዎቹ በተናጠል የሚነጥሩ ሆነው 29,000 ከዚያም በላይ ተሠራ። ቲኤፍ ከ1953 እስከ 1955 ቆየ። ከዚያም የሳጥኑ መልክ ቀርቶ ለስላሳ አካል ያለው ኤምጂኤ በ1955 መጣ፤ ከእርሱም 101,000 ያህል ተሠራ። በ1962 ኤምጂቢ ተተካ፤ ይህም ሻንሲና አካሉ አንድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ወጣ።

ኤምጂኤንና ኤምጂቢን የነደፉት ሲድ ኤኔቨር በሕፃንነታቸው በሞሪስ ጋራዥስ ተላላኪ ሆነው የተቀጠሩ ናቸው። በ1952 የአቢንግደን ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ጆን ቶርንሊም በሚስተር ኪምበር ዘመን የገቡ ነበሩ። እንግዲህ ሚስተር ኪምበር መኪና ብቻ ሳይሆን ሰውም ሠርተው ነበር ማለት ነው። የአቢንግደን ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ፤ ስሙም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬ በቻይና ኩባንያ እጅ ይገኛል። ስምንት ማዕዘኑ ግን አሁንም በመኪናዎቹ ፊት ላይ ይታያል።

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው። ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ በስሙ አይጠራም፤ የሠራውም ቤት ለዘለዓለም የእርሱ አይሆንም። ነገር ግን የሥራው ጠባይ በትክክል ከተተከለ፣ ፊደሉ ከኤም ወደ ጄ፣ ከጄ ወደ ቲ ቢለወጥም፣ ሠሪው ከደጅ ቢባረርም፣ ከእርሱ የተማሩት ይቀጥሉታል። በየዴስኩ ላይ ስማቸውን ቀርጸው የሄዱ ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ስማችሁን ከመቅረጽ ይልቅ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሌላው ሊቀጥለው የሚችል ነገር ጀምራችሁ ብትወጡ ይሻላል እንላለን።